መቼ ነው ምትሄደው? (ከቡታጅራ ወዲያ አራት ሳምንት)

ይሄን የጻፍኩት በ2011 ኅዳር ላይ ነው፣ የቤተሰብ ሕክምና ሬዚደንት ሆኜ ሁለተኛ ዓመት ላይ እያለሁ ለአራት ሳምንት የገጠር አታችመንት የወጣሁ ጊዜ። ሰሞኑን ቤት ስቀይር ደብተሩን ካርቶን ውስጥ አገኘሁትና ትንሽ አስተካክዬ ልልቀቀው አልኩ። ብዙውን ቀን ዘልዬዋለሁ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ገጽ ላይ ያለው "ዛሬም 60 ሰው አየሁ፣ ወገቤን" ምናምን ነው። የጤና ጣቢያውንም የሰዎቹንም ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። አካባቢው ያኔ ደቡብ ክልል ነበር፣ አሁን ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሆኗል፣ ዳገቱ ግን ያው ዳገት ነው።

ሰኞ ኅዳር 3

ጠዋት 1 ሰዓት ዓለም ገና ደረስኩ፣ ዶልፊኑ "አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ" እያለ እስከ 2 ሰዓት ተኩል አስቀመጠን። አጠገቤ አንድ አባት አንድ ኬሻ ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሥራዬን ጠየቁኝ፣ ሐኪም ነኝ አልኳቸው።

"የምን ሐኪም?"

"የቤተሰብ ሐኪም።"

"አሃ! የወሊድ መቆጣጠሪያ!"

ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ግን ይሄን ነገር ስንቴ እንደሰማሁት አልነግራችሁም። አባቴ ራሱ ለጎረቤት "ልጄ የቤተሰብ ምጣኔ እያጠና ነው" ብሎ አስረድቷል። ስለዚህ ለሳቸው ጀመርኩ፣ አባባ ሕፃኑንም እናትየውንም አያትየውንም ራሱ ሚያይ፣ ስኳርም ደም ብዛትም ወባም የአእምሮ ሕመምም ቢሆን መጀመሪያ እሱ ጋ ሚመጣ፣ ከሱ በላይ ሲሆን ወደ ሌላ ሚልክ፣ ሲመለስም ሚቀበል ሐኪም ማለት ነው አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "እና ድሮ የነበረው ድሬሰር ማለት ነዋ" አሉኝ። ሶስት ዓመት ስፔሻላይዝ የምናደርገው ድሬሰር (የድሮው የሰፈር ጤና ሠራተኛ) ለመሆን ነው እንግዲህ። ግን ቆይቼ ሳስበው ሰውዬው ብዙም አልተሳሳቱም፣ ድሬሰሩ እኮ ሰፈር ውስጥ ነበር ሚኖረው።

ለማያውቅ ሰው ልበል፣ ይሄ ትምህርት አገራችን ውስጥ የተጀመረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2005 ነው፣ በፈረንጆቹ 2013። አገር ውስጥ የሠለጠነ የቤተሰብ ሐኪም ስላልነበረ የቶሮንቶና የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ መምህራን እየተመላለሱ ነው ያስጀመሩት። ሐሳቡ ቆንጆ ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ወደ ገጠር ሚወጣ ሐኪም ለማውጣት ተብሎ ሥልጠናው አብዛኛውን ጊዜ ሚያልፈው ከተማ ውስጥ ትልቅ ሆስፒታል ዋርድ ላይ ነው፣ ሰው አምስት ቦታ ሪፈር ተብሎ ተብሎ መጨረሻ ሚደርስበት ቦታ። መጀመሪያው ምን እንደሚመስል ሳናይ መጨረሻውን እናጠናለን።

መልካ ቁንጥሬ ላይ አዋሽን ተሻገርን፣ ለመንን አለፍን፣ ጥያ ላይ "ትክል ድንጋዩን እንይ" ስል ሹፌሩ በመስታወት አይቶኝ ዝም አለ። 36ቱ ድንጋዮች በፈረንጆቹ 1980 በዩኔስኮ የተመዘገቡ ናቸው፣ እኔ ደግሞ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በመስኮት አየኋቸው። ቡኢ፣ ኬላ፣ ቡታጅራ። አዛውንቱ ሲወርዱ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "መቼ ነው ምትሄደው?" አሉኝ። አባባ ገና አሁን እኮ ነው የደረስኩት!

ማታ ክትፎ በኮጮ በላሁ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ካሁኑ ካልተበላ ቀረ ነው። በስተ ምዕራብ ዘቢዳር ተራራ ጥቁር ብሎ ቆሟል፣ ነገ ሚወስዱኝ ወደዛ አቅጣጫ ነው።

ማክሰኞ ኅዳር 4

በሞተር ወጣሁ። ታች ወደ ማረቆ በኩል ሜዳው ሙቀት ነው፣ በርበሬ፣ ወባ። ላይ ስትወጣ እንሰት፣ ባህር ዛፍ፣ ብርድ። አንድ ወረዳ ውስጥ ሁለት የተለያየ የበሽታ አገር አለ ማለት ይቻላል።

ጤና ጣቢያው አንድ ኤች ኦ (የጤና መኮንን)፣ ጥቂት ነርሶች፣ ሁለት ሚድዋይፍ፣ አንድ የላብራቶሪና አንድ የፋርማሲ ባለሙያ አለው። በሥሩ አምስት ጤና ኬላ አለ፣ ሕዝቡ በወረቀት 25 ሺህ ገደማ ነው። ኤች ኦው በጣም አክብሮ ተቀበለኝና ሁለተኛው ጥያቄው "ስንት ጊዜ ነው ሚቆዩት ዶክተር?" ሆነ። አራት ሳምንት አልኩት። ፊቱ ላይ ምንም አልታየም፣ ብቻ "ጥሩ ነው፣ እንግዲያው ኦፒዲውን ይያዙልን" አለ፣ የተመላላሽ ሕመምተኛ ሚታይበትን ክፍል ማለቱ ነው። በኋላ ነው የገባኝ፣ እሱ እዚህ ስድስት ዓመት ሆኖታል፣ እንደኔ ዓይነት እንግዳ ብዙ ሸኝቷል።

47 ሰው አየሁ። ጠረጴዛው ላይ ጠርዙ የተበላ ወፍራም መመሪያ ተቀምጧል፣ ከምልክት ተነስቶ "ሳል ያለበት ሰው መጣ፣ ምን ትጠይቃለህ፣ ምን ታደርጋለህ" እያለ ሚመራው፣ መነሻው ኬፕታውን የተዘጋጀ ሆኖ ለኛ አገር ጤና ጣቢያ የተስተካከለው። እውነቱን ልናገር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከፍቼው አላውቅም ነበር፣ የጤና መኮንንና የነርስ ነገር ነው ብዬ። ዛሬ በጠረጴዛው ሥር እየደበቅኩ አነበብኩት።

ቋንቋው ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ አካባቢ መስቃንኛው፣ ስልጥኛው፣ ማረቆኛው ይደባለቃል፣ ኤች ኦው ሶስቱንም ይናገራል፣ እኔ አማርኛና የሆስፒታል እንግሊዝኛ። አንዲት እናት የስምንት ዓመት ልጇ እያስተረጎመላት ስለ ማህፀን ፈሳሽ ልጠይቃት ስል ልጁን አየሁት፣ አቆምኩ። ነርሷን ጠራኋት።

ረቡዕ ኅዳር 5

ለደም ብዛት አምሎዲፒን ጽፌ ላክሁ። ፋርማሲስቱ ወረቀቱን ይዞ ራሱ መጣ። "ዶክተር፣ የሌለውን ነው የጻፍከው።" ያለው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው። ቀጥሎ ለሌላ ሰው ሌላ ጻፍኩ፣ እሱም የለም። ሶስተኛ ላይ ያለውን መድኃኒት ዝርዝር ቀዶ ሰጠኝና "ከዚህ ምረጥ" አለኝ። ሆስፒታል እያለን "የመጀመሪያ ምርጫ፣ ሁለተኛ ምርጫ" ተብለን ነበር የተማርነው፣ የተገኘውን ይዘህ ሥራ ሚል ሌክቸር ግን ትዝ አይለኝም።

ሐሙስ ኅዳር 6

ከሁሉም ቀን ይሄን ነው ሙሉውን መተው ያልፈለግኩት።

ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር ቤት ለቤት ወጣን። ፕሮግራሙ ከ1995/96 ጀምሮ ነው ያለው፣ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት ይመደባሉ፣ በአገር ደረጃ ከ30 ሺህ በላይ ናቸው። ይቺኛዋ ሥራው ላይ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በላስቲክ ጫማ ዳገቱን ስትወጣው እኔ በአዲስ አበባ ስኒከር ከኋላ አፌን ከፍቼ እያለከለክሁ ነው ምከተላት። የእያንዳንዱን ቤት ፎልደር በቃሏ ታውቀዋለች፣ "እዚህ ቤት ሁለተኛዋ ልጅ ክትባት አቋርጣ ነበር፣ እዛ ቤት ሽንት ቤቱ ፈርሷል፣ እዚህኛው ሴትየዋ አርግዛለች ግን ገና ለባሏ አልነገረችም፣ ዝም በል።"

የመጀመሪያው ቤት እማማ ናቸው፣ ሰባ ምናምን ዓመት ይሆናቸዋል። ደም ብዛት አለባቸው። ለካን፣ 180 በ100። መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ? ይወስዳሉ፣ "ሲነሳብኝ"። ራሳቸውን ሲያማቸው ብቻ አንድ ይውጣሉ፣ ሳያማቸው አያባክኑም። ከተማ ሆኜ ቢሆን ካርዳቸው ላይ በእንግሊዝኛ "መድኃኒት በአግባቡ የማይወስድ" ብዬ ጽፌ ወደ ቀጣዩ እሄዳለሁ፣ ስንቱ ላይ እንደጻፍኩት እግዜር ይቁጠረው። ኤክስቴንሽኗ ግን ሂሳቡን ነገረችኝ። አንድ ወር ይሰጣቸዋል፣ በሁለተኛው ወር ሁለት ሰዓት በእግር ሄደው ሲደርሱ የለም ይባላሉ፣ ስለዚህ ሴትየዋ በራሳቸው ጊዜ 30ውን ክኒን ለሶስት ወር አብቃቅተውታል። ግዴለሽ መስለውኝ ነበር እኮ፣ ለካ ከፋርማሲያችን የተሻለ ስቶክ ሚይዙት እሳቸው ናቸው።

ሁለተኛው ቤት የ13 ዓመት ልጅ አለ፣ የስኳር ሕመምተኛ ነው፣ ኢንሱሊን ይወጋል። መብራት የለም። እኔ ደግሞ ወዲያው የለመድኩትን ጠየቅኩ፣ "ኢንሱሊኑን ፍሪጅ ውስጥ ነው ምታስቀምጡት?" እናትየው ኤክስቴንሽኗን አየቻት፣ ኤክስቴንሽኗ እኔን አየችኝ። ከዛ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። እንሰቱ ጥላ ሥር ግማሹ መሬት ውስጥ የተቀበረ ማሰሮ አለ፣ ውስጡ እርጥብ አሸዋ፣ መሃሉ ላይ ብልቃጡ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ አፉ በጨርቅና በእንሰት ቅጠል ተሸፍኗል። ጠዋትና ማታ አሸዋው ላይ ውሃ ትረጫለች። ኤክስቴንሽኗ ከክትባት ሣጥኗ ቴርሞሜትር አውጥታ ከተተችው፣ ትንሽ ጠበቅን፣ ውጪው 23 ነው፣ ማሰሮው 16። ከፍሪጅ አይቀዘቅዝም፣ ግን እናትየዋ ሰርታዋለች። ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ማሰሮ ነው የኖረው።

ማሰሮውን ፎቶ አነሳሁት። ስመለስ ለባቾቼ አሳየዋለሁ ብዬ። (አሳይቻቸዋለሁ። አንዱ "ሪፈረንስ አለው?" አለኝ።)

እማማ ሊሸኙን ወጥተው በጉራጊኛ አንድ ነገር አሉ፣ ኤክስቴንሽኗ ሳቀች። ምን አሉ ስላት፣ "ይሄኛው መቼ ነው ሚሄደው እያሉ ነው።"

ቅዳሜ ኅዳር 8፣ ሌሊት

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ተጠራሁ። ቤቷ የወለደች ሴት በባጃጅ አመጡ፣ ሕፃኑ ደህና ነው፣ እንግዴ ልጁ አልወጣም፣ ደም እየፈሰሳት ነው። አምቡላንሱ ነዳጅ የለውም፣ ለምን የለውም ሚለውን ልጽፍ ነበር፣ ተናድጄ ሁለት ገጽ ጽፌም ነበር፣ ቀደድኩት።

የጽንስና ማህፀን ሮቴሽን ሰርቻለሁ። ግን ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ እንግዴ ልጅ ሲቀር ከፊቴ አራት ሰው ይሰለፋል፣ የኔ ሥራ ደም ባንክ መሮጥ ነበር። በእጄ አውጥቼ አላውቅም። ሚድዋይፏ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ አየችኝ፣ ፊቴ ላይ አነበበችው መሰለኝ፣ "ዶክተር አንተ ደም ሥር ክፈትልኝ፣ ፈሳሹን አጥብቀህ ስጥ" አለችኝ። ማህፀን ሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን ወጋች፣ ፊኛዋን በካቴተር ባዶ አደረገች። ረጅሙ ጓንት አልቋል። እሷ እቴ! አንዱን ጓንት ጣቶቹን በመቀስ ቆረጠችና ወደ ክርኗ ስባ አወጣችው፣ ከሱ በታች ሌላ ሙሉ ጓንት አጠለቀች፣ ረጅም ጓንት ሆነ። አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። እኔ ሴትየዋን እጇን ይዤ ፈሳሹን እየጨመቅኩ ነበር። አንቲባዮቲክ ሰጠን፣ ደሙ ቆመ፣ ግፊቷ ተመለሰ።

ንጋት ላይ ሻይ እየጠጣን አስተምሪኝ አልኳት። በፌስታልና በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ሰርታ ጠረጴዛ ላይ አስተኛችልኝና እጄን ይዛ አሳየችኝ፣ የላይኛው እጅህ ሆድ ላይ ማህፀኑን ይያዝ፣ የውስጠኛው በጠርዙ እየሄደ ይላቅቅ፣ አትጎትት። ሶስቴ አስደገመችኝ። ሎግ ቡኬ ላይ "አሠልጣኝ" ሚለው ቦታ ላይ እሷን ልጽፍ አሰብኩ፣ ቅጹ ላይ ግን ለሲኒየር ሐኪም ፊርማ ብቻ ነው ቦታ ያለው።

ሰኞ ኅዳር 10

አንድ ወንድም መጣና ታላቁን ቤት ውስጥ እንዳሰሩት ነገረን። ሄድን። የቤቱ ምሰሶ ላይ በሰንሰለት። ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ሲጠፋባቸው ሁለቴ ገደል አፋፍ ላይ ነው ያገኙት።

እንደ አጋጣሚ አንዷ ነርስ ከሶዶ ወረዳ ተዛውራ የመጣች ናት። እዛ ፕራይም ሚባል ፕሮጀክት ነበር፣ ከኛ ሌላ ሕንድ፣ ኔፓል፣ ኡጋንዳና ደቡብ አፍሪካ የነበሩበት፣ የጤና ጣቢያ ነርሶችና ኤች ኦዎች የአእምሮ ሕመምን እዛው እንዲያክሙ ሚያሠለጥን። ቡታጅራ አካባቢ ይሄ ነገር ሥር አለው፣ በ1979 የተጀመረው የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም ቤት ቤቱን እየቆጠረ ስንት ዓመት መረጃ ሰብስቧል፣ በኋላ ደግሞ ከ68 ሺህ በላይ ሰው ተጠይቆ ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም ትልቅ ጥናት ተሠርቷል። ዓለም ላይ ሚጠቀስ ጥናት የተሠራበት አገር ነው፣ እኛ ግን አዲስ አበባ ቁጭ ብለን ስናጠና ምሳሌያችን ሁሉ ከለንደን ነበር።

ነርሷ መጀመሪያ ከሰንሰለቱ ጋር አልተጣላችም። መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ከታመመው ሰውዬ ጋር ስለ ከብት አወሩ። ከዛ ለወንድምየው "ይሄ ክኒን ሁለት ሳምንት ይሞከር፣ እኔ በሁለት በሁለት ቀን እመጣለሁ፣ መጀመሪያ ቀን ቀኑን እንፍታው" አለችው። ሃሎፔሪዶል አለ፣ ደግነቱ። የኔ አስተዋጽኦ መጠኑን መጻፍ ነበር።

ረቡዕ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። የአዲስ አበባን ያህል ባይሆንም እዚህም አንዳንዱ ቤት ቆሻሻ ሰብስቦ አቃጥሏል፣ ከቡታጅራ በኩልም ጭሱ ይታያል። በ1911 የኅዳር በሽታ ጊዜ የመጣ ልማድ ነው ይባላል፣ ፈረንጆቹ የስፔን ጉንፋን ሚሉት፣ ራስ ተፈሪን ራሱ ለሞት አድርሶ የመለሰው። አስቡት፣ ዘንድሮ ልክ መቶ ዓመቱ ነው። በሽታውን ለማባረር ተብሎ ሚጨሰው ጭስ ዛሬ አምስት አስም ያለበት ሰው አመጣልኝ። ቬንቶሊን ፓፍ አንድ ብቻ ነው ያለው፣ ስፔሰር (ፓፉ ላይ ተገጥሞ መድኃኒቱን ሚሳብበት ዕቃ) ከሃይላንድ ጠርሙስ ሠራን፣ ጀርባውን በስተን። ይሄን እንኳ ተምሬዋለሁ፣ ደስ አለኝ።

ከኅዳር 13 እስከ 24

ወባ፣ ወባ፣ ወባ፣ ሁሉም ከታች ለበርበሬ ለቀማ ወርደው የመጡ ናቸው። ኮአርተም በኪሎ። ሲኒየራችን አንድ ቀን መጣ፣ መኪናው ረፈደበት፣ ሶስት ሰዓት ቆየ፣ ብርቅ ኬስ ካለ ጠየቀኝ። የለም አልኩት። ስለ ማሰሮው ነገርኩት፣ "ደስ ይላል" አለና ፊርማውን አኖረልኝ። ክፉ ሰው ስላልሆነ መናደድ አልቻልኩም፣ እሱም እንዲህ ነው የተማረው። ግን ይሄን ደብተሬ ላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ፣ ለገጠር ሐኪም ማሠልጠን ከተፈለገ መምህሩ እዚህ ይኑር፣ ዓመት ሁለት ዓመት ይቀመጥ፣ እኛ በባች በባች እሱ ጋ እንምጣ፣ ዘንድሮ ያየሁትን ልጅ ከርሞ መልሼ ልየው። አራት ሳምንት ውስጥ በሽታ ማወቅ ትችላለህ፣ ሰው ማወቅ ግን አትችልም። ቤት፣ መብራት፣ ለልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ደሞዝ ሚለውን ኤች ኦው ጨመረበት፣ "መጀመሪያ እኔን ያቆዩኝ እስቲ፣ ዶክተሩ ይቀጥላል" ብሎ።

የታሰረው ሰውዬ በ12ኛው ቀን ራሱ በእግሩ መጥቶ ክኒኑን ወሰደ። ወንድምየው አሥር እርምጃ ያህል ከኋላ ከኋላው ነበር።

ቅዳሜ ኅዳር 29

የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ነው፣ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ልጆች በባህል ልብስ ይጨፍራሉ። የስኳሩ ልጅም አለበት፣ ከርቀት እጁን አወዛወዘልኝ። ሚድዋይፏ ተረኛ ስለነበረች በመስኮት ተሰናበትኳት። ኤች ኦው እስከ ሞተሩ ሸኘኝ፣ ዛሬ መቼ ነው ምትሄደው ሚል ሰው አልነበረም። "ቀጣዩ መቼ ይመጣል?" ነው ያለኝ። አላውቅም አልኩት።

እማማን ኦፒዲ ላይ ሁለቴ አይቻቸው ነበር፣ ያለውን መድኃኒት ቀይሬ በየቀኑ እንዲወስዱ ተስማምተናል፣ ኤክስቴንሽኗ በየሳምንቱ ልትለካቸው። ከቡታጅራ ዶልፊን ያዝኩ። ኬላን እንዳለፍን ስልኬ ጮኸ፣ ኤክስቴንሽኗ ናት፣ ቴክስት።

"እማማ 150 በ90። መድኃኒታቸው ዛሬ አለቀ። ምን ላድርግ"

ያንኑ ይቀጥሉ፣ ከጤና ጣቢያ ውሰጂላቸው ብዬ ጻፍኩ፣ ኔትወርክ የለም። ቡኢ ላይ ሄደልኝ። ጥያ አካባቢ መልሱ መጣ።

"የለም አሉ። ሐሙስ ይመጣል ብለዋል።"

"እስከ ሐሙስ የቀራቸው አለ?"

"ዘጠኝ ደብቀዋል።"